የሠፈራችን ሲኒማ ቤትና ባለቤቱ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ከቀድሞ ተማሪዎች አንዱ ያደረገው ንግግር)



ከዚህ ትምህርት ቤት ተምሮ የወጣ ሰው ስለ ሒሳብ ወይም ስለ ጂኦግራፊ ይናገራል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። እኔ ግን የምናገረው ስለ ሲኒማ ቤት ነው። ምክንያቱን በመጨረሻ ትረዱታላችሁ።

ሲኒማ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት በተከፈተ ጊዜ ሕዝቡ ያወጣለት ስም «የሰይጣን ቤት» የሚል ነበር። ግድግዳ ላይ ፈረስ ሲጋልብ ያየ ሰው መብራቱ ሲበራ ባዶውን ግድግዳ ቢያገኝ ሌላ ምን ሊለው ይችላል?

ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ የጎንደሩ ሲኒማ ቤት ጣሊያን ከተማውን በያዘባቸው ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ በፒያሳ የተሠራ ነው። በዚያ ዘመን የፋሺስት የዘር ሕግ አገሬውን ከነጭ ለይቶ ያስቀምጥ ነበር። ጠላት ከተባረረ በኋላ ግን ቤቱ ለሁሉም ሆነ። በአዲስ አበባም ጣሊያኖች ሲኒማ ማርኮኒ ብለው የጀመሩት ሕንፃ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተመርቋል፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር እርሱ ነው። ከሲኒማ ቤት ባለቤቶች መካከል ጣሊያኖች፣ ግሪኮችና አርመኖች ይገኙ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደርግ የግል ድርጅቶችን ሲወርስ ሲኒማ ቤቶችም ወደ መንግሥት እጅ ገቡ።

ከጎንደር ተመልካች ልጆች አንዱ በኋላ በዓለም የታወቀው የፊልም ሰው ኃይሌ ገሪማ ነው። በልጅነቱ የታርዛንን ፊልም ሲያይ፣ አፍሪካውያኑ ከኋላ ሲመጡበት ከጓደኞቹ ጋር ጮኸው ታርዛንን ያስጠነቅቁ እንደ ነበር ተናግሯል። ነገሩ ያስቃል፤ ቆይቶ ግን ያሳዝናል። ልጁ የራሱን ወገን ትቶ ለባዕዱ ይጨነቅ ነበርና። ሆኖም እርሱ ካደገ በኋላ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም ሠርቶ የአገሩን ገበሬ በመጋረጃው ላይ አቆመው።

እኔ በደብረ ታቦር ያየሁት ሲኒማ እንደ ጎንደሩ ያለ ሕንፃ አልነበረም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በሠፈራችን የነበረው ቪዲዮ ቤት የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ስድስት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ ብቻ ነበረው። መስኮቱ በብርድ ልብስ ይሸፈን ነበር። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነው። የጉና ብርድ በበሩ ሥር ሲገባ እርስ በርሳችን ተጠጋግተን «አክተሩ አይሞትም!» እያልን እንከራከር ነበር።

ባለቤቱ ከውትድርና የተሰናበቱ፣ ጋሼ የምንላቸው ሰው ነበሩ። ካሴት ከባሕር ዳር በአውቶቡስ ይላክላቸዋል። ጋሼ ማንበብ አይችሉም ነበርና በካሴቱ ላይ የተጻፈውን የማነብላቸው እኔ ነበርሁ። ለዚህም ያለ ክፍያ ያስገቡኝ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ሁለት ካሴቶች መጡ፤ አንዱ የሕንድ ፊልም፣ ሁለተኛው የጦርነት ፊልም። ጋሼ ለገበያተኛው የሕንድ ፊልም እንደሚያሳዩ ተናግረው ነበር። እኔ ግን የጦርነቱን ማየት ስለ ፈለግሁ፣ ሲጠይቁኝ የጦርነቱን ካሴት አንሥቼ «የሕንዱ ይህ ነው» አልኋቸው።

ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ፊልሙ ሲጀመር ገበያተኛው «አታለልኸን!» ብሎ ተነሣ። ጋሼ ዴኩን አጥፍተው ለእያንዳንዱ ሰው ሃምሳ ሳንቲሙን መለሱ። ከዚያም በሕዝቡ ፊት ቆመው «ወገኖቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ፊደል ባለመቁጠሬ ነው» አሉ። እኔ ከኋላ አግዳሚ ተቀምጬ ዝም አልሁ። በሳምንቱ ካሴት ሲመጣ እንደ ልማዳቸው ጠርተው «በል አንብብልኝ ልጄ» አሉኝ። አልጠረጠሩኝም።

ያን ቀን በትክክል አነበብሁ፤ ከዚያም በኋላ በሐሰት አንብቤላቸው አላውቅም። ነገር ግን ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ሳልነግራቸው ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄድሁ። ስመለስ ዐርፈው ነበር። ዛሬ ቤቱ የሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ ፊልሙም በየኪሳችን ገብቷል።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህን በተማርሁበት ትምህርት ቤት የተናዘዝሁት በከንቱ አይደለም። ማንበብ የሚችል ሰው፣ ማንበብ በማይችለው ሰው ላይ ሥልጣን አለው። ያን ሥልጣን ያገኘሁት እዚህ ነው፤ መጀመሪያ ያዋልሁት ግን ለማታለል ነበር። እናንተ ለወላጆቻችሁ ደብዳቤም ሆነ የመድኃኒት ወረቀት ስታነቡ ይህን አስቡ።

ሁለተኛው ልመናዬ፣ እንደ ጋሼ ያሉትን ሰዎች ታሪክ ከሽማግሌዎች እየጠየቃችሁ እንድትጽፉ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ እዚህ ቅርባችን ጋፋት አሠርተው በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ያስጓዙት የሴባስቶፖል መድፍ ስሙ ዛሬ በአዲስ አበባ ለሲኒማ ቤት መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። የትልቁ ሰው ሥራ እንዲህ ይታወሳል፤ የትንሹን ሰው ሥራ ግን ካልጻፍነው የሚያስታውሰው የለም።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን የዕውቀትና የእውነት ቤት ሆኖ እንዲኖር እመኛለሁ።