«ኢንዲቪዚብል» የሚለው ቃልና የአማርኛ አቻው



በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰ መሆኑ ይታወቃል። ሕጉን በሁለቱ ቋንቋዎች እያስተያየ የሚያነብ ሰው ጊዜ ወስዶ ሊመረምራቸው ከሚገቡት ቃላት አንዱ «ኢንዲቪዚብል» የሚለው ነው። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን መነሻው አሉታን፣ መካከሉ መክፈልን፣ መድረሻው መቻልን ያመለክታል። ስለዚህ በቀጥታ ሲፈታ «ሊከፈል የማይችል» ማለት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ «ከፈለ» ማለት ለየ፣ ከፋፈለ ማለት ሲሆን፣ ዋጋ ሰጠ፣ ዕዳውን አወረደ ማለትም ነው። «የማይከፈል ዕዳ» ተብሎ ቢጻፍ፣ አንዱ አንባቢ ባለዕዳዎቹ በየድርሻቸው ሊለያዩት የማይችሉትን ዕዳ፣ ሌላው ደግሞ ከአቅም በላይ ሆኖ ሳይወራረድ የሚቀረውን ይረዳል። በመጀመሪያው ትርጉም እያንዳንዱ ባለዕዳ ለሙሉው ሊጠየቅ ይችላል፤ በሁለተኛው ግን ባለገንዘቡ ባዶ እጁን ይመለሳል። ከዚህ ስሕተት ለመዳን «የማይከፋፈል» ማለት ይሻላል።

ይሁን እንጂ «የማይከፋፈል» የሚለውም ሦስት ነገር ይሸከማል። ይኸውም በተፈጥሮው ሊከፋፈል የማይችል፣ ቢከፋፈል ጥቅሙ የሚጠፋ፣ እንዲሁም እንዳይከፋፈል የተከለከለ ነው።

ልዩነቱን ለማየት በመካነ ሰላምና በማሻ አካባቢ ያለውን የደጋ ገበሬ ቤት መመልከት ይበቃል። አባት ሞቶ እህል፣ አንድ ጥማድ በሬና ማሳ ቢቀር፣ እህሉ በቁና ተሰፍሮ ለወራሾች ይታደላል። አንዱ በሬ ግን በሕይወቱ አይከፋፈልም፤ ቢታረድ ሥጋው ይከፋፈል ይሆናል፣ ማረሱ ግን ይቀራል። ጥማዱን ሁለት ወንድማማቾች አንዳንድ በሬ ይዘው ቢለያዩ ክፍፍሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን አንዱም ብቻውን ማረስ አይችልም። ውርስ የለየውን መቀናጆ መልሶ ያጣምረዋል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለመከፋፈል የማይመች ንብረት ለአንዱ ወራሽ እንዲሰጥ፣ ካልተስማሙም ተሽጦ ገንዘቡን እንዲካፈሉ ይላል። ይህ መንገድ ለበሬው ያገለግላል፤ ለማሳው ግን ዝግ ነው። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የሕዝብ ከሆነ ወዲህ አይሸጥም። ከዚህም ሌላ፣ የ1997 ዓ.ም. የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ በውርስ የሚተላለፍ ይዞታ ከተወሰነው ዝቅተኛ መጠን እንዳያንስ አዘዘ። ማሳ በገመድ ሲለካ እስከ ስንዝር ድረስ ይከፋፈላል፤ «አይከፋፈልም» ያሰኘው የመሬቱ ባሕርይ ሳይሆን የሕጉ ትእዛዝ ነው።

ይህ ልዩነት ካልተገለጸ የሚጎዳው ደካማው ወራሽ ነው። «መሬቱ አይከፋፈልም» የሚለው ቃል፣ «ድርሻ የለሽም» ተብሎ ለታናሽ እኅት ሊነገር ይችላል። ነገር ግን ማሳው አለመቆረጡ ብቻውን መብትን አያጠፋም፤ ማሳው አንድ ሆኖ ሳለ ምርቱን መካፈል ይቻላልና።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም የአገሪቱ ሉዓላዊነትና ግዛት እንደማይከፋፈል ደንግጎ ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት መሆኗ፣ እንዲህ ያለው ድንጋጌ የሚሆነውን ነገር የሚናገር ሳይሆን እንዳይሆን የተፈለገውን የሚያዝ መሆኑን ያሳያል። «አቶም» የሚለው የግሪክ ቃልም «የማይቆረጥ» ማለት ነው፤ ይሁንና የዩራኒየም አቶም እምብርት ሊሰነጠቅ መቻሉ በ1938 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ታወቀ።

እንግዲህ ተርጓሚም ሆነ ዳኛ ወይም ውል ጸሐፊ ይህን ቃል ሲያገኝ አስቀድሞ ከልካዩ ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ። ተፈጥሮ ከሆነ «ሊከፋፈል የማይችል»፣ ጥቅም ከሆነ «ቢከፋፈል የማይጠቅም»፣ ሕግ ከሆነ «እንዳይከፋፈል የተከለከለ» ብሎ ይጻፍ። ጽሑፉ በአንድ ቃል ቢረዝም፣ ወራሾች በየፍርድ ቤቱ የሚመላለሱበትን ዘመን ያሳጥራል።