በርካሽ መሬት ከሰው ርቆ ስለ መኖር
(በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ክረምት ከምእመናኑ አንድ ወጣት ወደ ቤቴ መጥቶ «የኔታ፥ ከከተማ ኪራይና ጩኸት ርቄ፥ በርካሽ መሬት ገዝቼ፥ ቆፍሬ ብቻዬን ልኑር ብል ይሆንልኛልን?» ሲል ጠየቀኝ። ያጠራቀመውን ገንዘብ ሁሉ ሊያወጣበት አስቦ ነበር፤ እርጅና የተጫናት እናቱም የምትጦረው በእርሱ እጅ ነው። ስለዚህ ነገሩን እንደ ዋዛ አላየሁትም።

እኔም ቅኔ ስቆጥር ከመንደር ወዲያ የሣር ጎጆ ነበረችኝ። ኪራይ የለ፥ ግብር የለ፤ ዓለምን ትቼ የወጣሁ ይመስለኝ ነበር። ዳሩ ግን ደበሎዬን ደርቤ፥ አኩፋዳዬን አንግቼ «በእንተ ስማ ለማርያም» ስል ቁራሹን የሚሰጠኝ ያ ተውሁት ያልሁት መንደር ነው። አንድ ዓመት ውርጭ እኽሉን በመታው ጊዜ ከገበሬው አስቀድመን የተራብን እኛ የቆሎ ተማሮች ነን።

በአሜሪካም ቶሮ የተባለ ጸሐፊ በ1845 እ.ኤ.አ. ዋልደን በሚባል ኩሬ ዳር ጎጆ ሠርቶ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ተቀመጠ። ጎጆዋ የፈጀችበት 28 ዶላር ከጥቂት ሳንቲም እንደ ሆነ ራሱ ጽፏል። መሬቱ ግን የወዳጁ የኤመርሰን ነበር፤ ያመረተውንም አደንጓሬ የሸጠው ለሰው ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብጽ የነበሩት የአባ ጳኩሚስ መነኮሳትም ምንጣፍና ቅርጫት እየሠሩ በጀልባ እስክንድርያ ወስደው ይሸጡ ነበር። ለዓለም የሞተ መነኩሴ እንኳ ለገበያ ፈጽሞ አልሞተም።

«ርካሽ መሬት» የሚለውም ቃል በአገራችን ይመረመራል። ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የገጠር መሬት አይሸጥም፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይኸንኑ አጽንቶ፥ ገበሬ መሬት በነፃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። እንግዲያስ «ልሽጥልህ» የሚል ቢመጣ የራሱ ያልሆነውን ነው የሚሸጥ። በነፃ ለማግኘትም ደጅ መጥናት አለ፤ ከሰው ለመሸሽ አስቀድሞ ቀበሌ መሄድ ይሆናል ማለት ነው!

ፈጽሞ አይቻልም አላልሁትም። ትጉህ ሰው ድንቹንና ጎመኑን ያበቅላል። ጨው ግን አይበቅልም፤ ማረሻውንም ቀጥቃጭ ይሠራለታል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ከጎረቤቱ ጋር ካልተቀናጀ አያርስም፤ አረሙና አጨዳው በደረሰ ጊዜም ደቦና ወንፈል ያሻዋል። መቀናጆ ከሌለበት ምድር ሰፊ መሬት ቢያገኝ ምን ይሠራበታል?

«ልጄ፥ ገንዘብህን ሳትነካ መጀመሪያ ሁለት ክረምት ከአንድ ገበሬ ጋር እረስ» አልሁት። ቀጥዬም «እናትህ በሌሊት ብትታመም፥ የቃሬዛውን ሌላ ጫፍ ማን ይይዝልሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ፤ እስከ ዛሬም መልሱን አላመጣልኝም።