ከብሎኬቱ በፊት ካርታው
(በማኅበራችን ወርኃዊ የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንደምታውቁት የማኅበሩን ሒሳብ የምይዘው እኔ ነኝ። የብድር ማመልከቻ ሁሉ በእጄ ያልፋል። ከንግድና ከልጆች ትምህርት ቀጥሎ ደጋግሜ የማነበው ምክንያት «ለአጥርና ለበር ማሠሪያ» የሚል ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ግቢዋ ውስጥ እንጀራ ጋግራ ለምታስረክብ፣ ዶሮ ለምታረባ፣ አንዲት ክፍል አከራይታ ልጆቿን ለምታሳድግ ሴት አጥር ጌጥ አይደለም፤ የእንጀራዋ ጠባቂ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ያ ገንዘብ መና እንዳይቀር ነው።

የኛን ኮልፌ አጠና ተራ ያላወቀ የለም። ስሙ እንደሚነግረን የባሕር ዛፍ አጠና የሚሸጥበት ሰፈር ነው። እናቶቻችን ግቢያቸውን በአጠናና በቆርቆሮ ሲያጥሩ ድንበሩ በአንድ ክንድ ቢያልፍ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ አጠናው ተነቅሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ዛሬ ከቤቴል እስከ አየር ጤና፣ ከዓለም ባንክ እስከ ዘነበወርቅ ብሎኬት ተተክቷል። ብሎኬት ከተሳሳተ ይፈርሳል እንጂ ተነቅሎ አይተከልም።

አንደኛው ጉዳይ ድንበር ነው። ድንበራችሁ ያለው በይዞታ ማረጋገጫ ካርታችሁ ላይ ነው፤ አሮጌው ቆርቆሮ የቆመበት መስመር ከካርታው ጋር ላይገጥም ይችላል። መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ጎረቤት ባለበት በቀያሽ አስለኩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1149 ይዞታው የተነጠቀበት ወይም የታወከበት ሰው ሁከቱ እንዲወገድለት መክሰስ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህ ክስ ድርጊቱ ከተፈጸመ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ ጎረቤት በእናንተ ላይ ገፍቶ ከሠራ «ነገ ይስተካከላል» እያላችሁ ጊዜው አይለፋችሁ። እናንተም ገፍታችሁ ከሠራችሁ ያው ሕግ ይጠይቃችኋል።

ሁለተኛው ፈቃድ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በከተማ ግንባታ በፈቃድ እንዲሆን፣ የሚቆጣጠረውም የሕንፃ ሹም እንዲኖር አድርጓል። «አጥር እኮ ቤት አይደለም» የምትሉ አላችሁ። ቢሆንም አዲስ አጥር ስትሠሩ፣ ቆርቆሮውን በብሎኬት ስትተኩ፣ በር ከአንድ ወገን ወደ ሌላው ስታዞሩ አስቀድማችሁ ወረዳ ሂዱ። ማመልከቻችሁ በጽሑፍ ይሁን፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከፍታው ስንት ይሁን? ከመንገዱ ምን ያህል ይራቅ? በመንገዱ በኩል በምን ዓይነት ቁሳቁስ ይሠራ? የጎረቤትን አጥር አይቶ መሥራት አያዋጣም። የኮሪደር ልማቱ በደረሰባቸው መንገዶች ዳር ለዓመታት የቆሙ አጥሮች ፈርሰው ወደ ውስጥ ሲገቡ ሁላችንም አይተናል። በሩም ወደ ግቢ ውስጥ ይከፈት፤ እግረኛ መንገዱ የሁሉም ነው።

ሦስተኛው ውኃ ነው። ሰፈራችን ዳገትና ቁልቁለት ነው። ክረምት ሲገባ ከላይ የመጣው ጎርፍ መውጫ ካጣ አጥሩን ገፍቶ ይጥላል። ከግርጌው የውኃ መውጫ ቀዳዳ ይተውለት፤ በር ላይ የምታስሞሉት ኮንክሪትም የመንገዱን ቦይ አይድፈን። ከአጥሩ ኋላ አፈር የሚቆለል ከሆነ ደግሞ ነገሩ አጥር መሆኑ ቀርቶ የድጋፍ ግንብ ይሆናል። እሱ የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ ለግንበኛ ብቻ አይተውም።

አራተኛው የእኔ ሙያ ነው፤ ሒሳብ። የብሎኬት ፊት 40 በ20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለአንድ ካሬ ሜትር 12 ተኩል ብሎኬት ይገባል። ሁለት ጎረቤታሞች የሚዋሰኑበት መስመር 14 ሜትር ቢሆንና አጥሩ 2 ሜትር ቢቆም 28 ካሬ ሜትር ነው፤ 350 ብሎኬት። ሁለቱም ለየብቻ ጎን ለጎን ከገነቡ 700 ብሎኬት ይሆናል። ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ እያንዳንዳቸው 2.8 ካሬ ሜትር መሬት ለግድግዳ ይሰጣሉ። ተስማምተው አንዱን አጥር በድንበሩ መካከል ቢሠሩት ለእያንዳንዳቸው 175 ብሎኬትና 1.4 ካሬ ሜትር ብቻ ይደርሳል። ስምምነቱ ግን በወረቀት ሰፍሮ፣ ወጪውና የወደፊት ጥገናው ተጽፎ፣ ምስክር ይፈርምበት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፤ ያን ጎረቤት የሚያቆየው ደግሞ ግልጽ ውል ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ከመካከላችን አንዷ ስለደረሰባት ነው። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ አባላችን ከቁጠባችን ተበድራ አጥር ጀመረች። ድንበሩ አልተለካም ነበርና ጎረቤቷ ከሰሳት፣ ሥራው በእግድ ቆመ። አሸዋው በዝናብ ታጠበ፣ ሲሚንቶው ደረቀ። ብድሩ ግን እግድ አያውቅም፤ በየወሩ ትከፍላለች። አጥር የላትም፣ ገንዘቡም የለም፣ ከጎረቤቷ ጋር ቡና መጣጣቱም ቀርቷል።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፣ የአጥር ብድር የምትጠይቅ አባል የካርታዋን ቅጂ፣ የወረዳውን መልስና ከጎረቤት ጋር የተፈራረመችበትን ወረቀት ከማመልከቻዋ ጋር ታያይዝ። ይህ ብድር ለመከልከል አይደለም፤ የጎደላትን ወረቀት አብረናት እንድናሟላ ነው። ሁለተኛው፣ ለቀያሽ የምትከፍለው ለሌላት አባል የሚውል አነስተኛ ገንዘብ ለብቻው እንያዝ። ደጋፊዎቻችን፣ አንድ ግቢ ለማስለካት የምትሰጡት ገንዘብ አንድ ሙሉ ብድር ከመባከን ያድናል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ክረምቱ ሳይገባ እንወስን። ካርታችሁን ይዛችሁ ለምትመጡ ከስብሰባው በኋላ እዚሁ ተቀምጬ አብረን እናየዋለን።