በብስክሌት ለሚጓዝ ሰው የሚያስፈልግ ጥቂት ዕቃ



ድጓ ለማስመስከር ወደ ቤተ ልሔም የሚመጣውን የቆሎ ተማሪ እናውቀዋለን። ከሩቅ አገር በእግሩ ሲመጣ የሚይዘው ደበሎውንና አኮፋዳውን ነው፤ ከዚያ በላይ ቢይዝ ዳገቱ ያስጥለዋል።

እኔ ግን ብስክሌት አለኝ ብዬ ይህን ረሳሁ። ለታመመች እናቴ መድኃኒት ገዝቼ ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ ስመለስ ስኳርና ዘይት ከኋላዬ ጭኜ ነበር። ፖምፓም ነበረኝ፤ እኮራበትም ነበር። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ሥር ስደርስ የቀጋ እሾህ የኋላ ጎማዬን ወጋው። ነፋሁት፤ ተነፈሰ። ደግሜ ነፋሁት፤ ደግሞ ተነፈሰ። መለጠፊያ ለሌለው ሰው ፖምፓ ምን ያደርግለታል? ብርዱ እያንቀጠቀጠኝ እየገፋሁ ሄድሁ፤ እናቴም መድኃኒቷን ያገኘችው በማግሥቱ ነው።

አሁን ከኮርቻዬ ሥር አንዲት የቆዳ ከረጢት አስሬአለሁ። በውስጧ የጎማ መፈልቀቂያ፥ የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ፥ ማስቲሽ፥ ብሎን መፍቻና ብርጭቆ ወረቀት አለ። ብርጭቆ ወረቀቱን አትናቁት፤ ከመነዳሪው ሳይፋቅ ማስቲሽ አይዝም፤ ማስቲሹም ጥቂት ሳይደርቅ የተለጠፈው ይነሣል። እሾሁንም ከጎማው ውስጥ በጣት ፈልጎ ማውጣት ነው፤ አለዚያ ያው እሾህ ዳግመኛ ይበሳዋል። ደግሞ ዕቃ በመሪ ላይ አታንጠልጥሉ፤ ቁልቁለት ላይ ከፊት ጎማ ገብቶ ይጥላችኋል።

አባቴ ከረጢቷን ባዩ ጊዜ «ይህችማ አኮፋዳ ናት፤ ቆሎው የታለ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ አንድ እፍኝ ቆሎ እጨምርባታለሁ።