የጓሮ አትክልት በተራ ስለ መትከል

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ከዚህ በፊት እዚህ ቦታ ላይ ስለ ታላላቅ ጉዳዮች ብዙ ተነግሯል። እኛ ከወላይታ፣ ይልቁንም ከአረካና ከአካባቢዋ የመጣን ተማሪዎች ግን ዛሬ የምንናገረው ከቤት ኋላ ስላለችው ትንሽ መሬት ነው። ነገሩ ትንሽ የሚመስለው ሰው ቢኖር ይታገሠን፤ ከዚያች መሬት የሚበላው ቤተ ሰብ ትንሽ ነው አይልምና።

አረካ በቦሎሶ ሶሬ ምድር ያለች ከተማ ናት። አፈርዋ ቀይ ሸክላ ነው። ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ታገኛለች፤ ይኸውም በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምትም ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ይህን ያህል ዝናብ ያለው አገር ሊራብ አይገባውም ነበር። ነገር ግን ሕዝቡ ብዙ፣ መሬቱ ጥቂት ነው። አባት የያዘውን ልጆች ሲካፈሉት በብዙ ቤት የቀረው አንድ ወይም ሁለት ጥማድ ብቻ ነው። በ2000 ዓ.ም. በወላይታ ምድሩ ለምልሞ እየታየ ሕፃናት በረሃብ ተጐድተው ወደ ሕክምና መወሰዳቸውን ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። አረንጓዴ ረሃብ የተባለው እንዲህ ያለው ነው። ስለዚህ አንዲት መደብ በከንቱ ብትውል ጉዳቱ በቤት ውስጥ ይታያል።

የወላይታ ገበሬ መሬቱን በሁለት ስም ይጠራል። በቤቱ ዙሪያ ያለው ዳርኩዋ፣ ራቅ ያለው ደግሞ ሾቃ ይባላል። የከብቱ ፍግ፣ የምድጃው አመድ፣ የቤቱ ጥራጊ ሁሉ የሚሄደው ወደ ዳርኩዋ ነው። ስለዚህ ዳርኩዋ ጠቁሮና ለስልሶ እንሰቱን፣ ቡናውን፣ ጎመኑን ይመግባል፤ ሾቃ ግን ቀይ እንደ ሆነ ይቀራል። ይህን ያስተማራቸው ትምህርት ቤት የለም፤ እናቶቻችንና አባቶቻችን በእጃቸው የደረሱበት ዕውቀት ነው። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ ዋዱ ይባል የነበረው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት ማዳበሪያና የተሻሻለ ዘር ለገበሬው አቅርቦ ነበር። ድርጅቱ ዛሬ የለም፤ ማዳበሪያውም ገንዘብ ላለው ነው። እንግዲህ ያለ ገንዘብ ሊሠራ የሚችለው ምንድን ነው ብለን ስንጠይቅ፣ ከመልሶቹ አንዱ ሰብልን በተራ ማፈራረቅ ሆኖ አገኘነው።

ማፈራረቅ ሲባል የዘንድሮውን ሰብል በሚቀጥለው ዓመት ከዚያው መደብ ላይ አለመድገም ማለት ነው። ምክንያቱም ሦስት ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ተክል ከአፈር የሚፈልገው ምግብ ልዩ ልዩ ነው፤ ጎመን ብዙ ናይትሮጅን ይበላል፣ ካሮት ግን በጥቂቱ ይበቃዋል። ሁለተኛ፣ በአፈር ውስጥ የሚኖር በሽታ የሚወደውን ተክል ካላገኘ ይደክማል። ሦስተኛ፣ እንደ ቦሎቄ፣ ባቄላና አተር ያሉ ጥራጥሬዎች ከሥራቸው ላይ ባሉ እባጮች ውስጥ ከሚኖሩ ረቂቅ ነፍሳት ጋር ተረዳድተው የአየሩን ናይትሮጅን ለራሳቸው ምግብ ያደርጋሉ። ይህን ሔልሪገልና ቪልፋርት የተባሉ የጀርመን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1888 በጽሑፍ አስረድተዋል። ገበሬው ግን ከጥራጥሬ በኋላ የተዘራው እንደሚያምር ከእነርሱ አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ነገር እንምጣ። ተራ የሚያዘው በስም ሳይሆን በዝምድና ነው። ድንች፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና በርበሬ በመልክ ባይመሳሰሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ቲማቲሙ የጠወለገበት ሰው ነቅሎ በቦታው ቃሪያ ቢተክል፣ ሰብል የለወጠ ይመስለዋል እንጂ ለበሽታው ያው ማዕድ ነው። በአንጻሩ ስኳር ድንች በስሙ ድንች ይባል እንጂ የድንች ዘመድ አይደለም። የአበሻ ጎመንና ጥቅል ጎመን ዘመዳሞች ናቸው፤ ቀይና ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ።

እንግዲህ ዕቅዱ ይህ ነው። የአትክልቱን ቦታ በአራት እኩል መደብ እንክፈለው። በመጀመሪያው መደብ ቦሎቄ ወይም አተር ይዘራ። በሁለተኛው ጎመን ይተከል። በሦስተኛው ፍግ በደንብ ተደርጎ ድንች፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ይግባ። በአራተኛው ሽንኩርት፣ ካሮትና ቀይ ሥር ይሁን። በሚቀጥለው ዓመት ጥራጥሬ በነበረበት ጎመን ይተካ፤ ጥራጥሬው ያተረፈለትን ይበላልና። ጎመን በነበረበት ድንች፣ ድንች በነበረበት ሽንኩርትና ካሮት ይግቡ፤ ካሮት አዲስ ፍግ ሲያገኝ ሥሩ ይሰነጣጠቃልና ያለፈው ዓመት ፍግ ይበቃዋል። ሽንኩርት በነበረበት ጥራጥሬ ይመለስ። በዚህ ዓይነት ድንች ወደ ቀድሞ መደቡ የሚመለሰው በአምስተኛው ዓመት ነው።

«መሬቴ ጠባብ ነው፤ ሩቡን ለቦሎቄ ብሰጥ ልጆቼ ምን ይበላሉ?» የሚል አባት ጥያቄው እውነተኛ ነው። መልሱ ያለው በሁለቱ ዝናብ ላይ ነው። የበልጉ ድንች በሰኔ ሲወጣ መደቡ ባዶውን አይቀመጥም፤ በሐምሌ ቦሎቄ ሊዘራበት ይችላል። ተራውን የሚያፈርሰው በድንች ላይ ድንች መድገም ብቻ ነው። በሾቃም ቢሆን በቆሎና ቦሎቄን አሰባጥሮ መዝራት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ቦሎቄ ደግሞ የሚበላ ነው፤ ለመሬቱ ተብሎ የሚሰጥ ግብር አይደለም።

ስለ ስኳር ድንች አንድ ነገር እንጨምር። የክረምቱ እርጥበት ሳያልቅ የተተከለ ስኳር ድንች ጎተራ ባዶ በሚሆንበት በበልግ ወራት ቤተ ሰብ ያሻግራል። ነገር ግን በአንድ ቦታ እየተደጋገመ ሲተከል ነቀዙ በአሮጌው ሐረግና በቀረው ሥር ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ቦታው ይለወጥ፤ ሐረጉም ከንጹሕ ማሳ ይወሰድ፤ አፈሩ ሲሰነጠቅ ነቀዙ በስንጥቁ እንዳይገባ ይታቀፍ።

ማፈራረቅ ግን የሁሉ መድኃኒት አይደለም። የሚበርር ተባይ ከመደብ ወደ መደብ ይሻገራል። ቀዩ አፈር ኮምጣጣ ከሆነ ኖራ ወይም አመድ ይፈልጋል፤ የጥራጥሬው እባጭም ፎስፎረስ በሌለበት አፈር ላይ ይደክማል። ቦሎቄም ናይትሮጅን በመያዝ ከባቄላ ያነሰ ስለ ሆነ ፍጉን አይተካም። ድንችንና ቲማቲምን የሚያጠወልገው ባክቴሪያ በዘሩ ድንች ውስጥ ተደብቆ ይመጣል። የጠወለገውን ግንድ ቆርጦ ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ቀጥ አድርጎ ቢይዙት ወተት የመሰለ ክር ከወረደ፣ ያ በሽታ መሆኑ ይታወቃል፤ ከዚያ መሬት ላይ ዘር አይወሰድም።

እንሰትም በዚህ ተራ ውስጥ አይገባም፤ ለዓመታት በቦታው የሚቆም ነውና። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 የገለጹት የእንሰት አጠውልግ በዋናነት የሚተላለፈው በቢላዋ ነው። ስለዚህ የታመመው ይነቀል፤ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ሲታለፍም ቢላዋው በእሳት ይለብለብ። በአረካ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ብዙ የእንሰት ዓይነቶችን ሰብስቦ የያዘ ስለ ሆነ፣ በእንሰት ነገር የምንጠይቀው ሰው በደጃችን አለ።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤

ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን ማስታወስ ነው። ሰው ዘንድሮ የተከለውን ያስታውሳል፤ ከሦስት ዓመት በፊት በየትኛው መደብ ምን እንደ ነበረ ግን ይረሳል። መጻፍ የተማርን እኛ ለቤታችን ልንጠቅም የምንችለው በዚህ ነው። ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንሄድ በአንድ ወረቀት ላይ አራት ቤት እናስምር፤ ዓመቱንና ወቅቱን በላዩ፣ የተተከለውንና የታየውን በሽታ በየቤቱ ውስጥ እንጻፍ። ነገር ግን አስቀድመን እናቶቻችንን እንጠይቅ፤ የትኛው ጥግ ውሃ እንደሚቋጥር፣ የትኛው ቦታ ጎመን እንደማይወድ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ወረቀቱን በቤት ውስጥ ለሚያነበው ታናሽ ወንድም ወይም ታናሽ እኅት አስረድተን እንተወው።

በሚመጣው ዓመት የየቤታችንን ወረቀት ይዘን በዚሁ አዳራሽ እንገናኝ። መምህራኖቻችንም አይተው ያልበጀውን እንዲያርሙልን በአክብሮት እንለምናለን።