የተዘውታሪ ቃላት ስሌትና የስፓኒሽ ንግግር

በማንኛውም ቋንቋ የሰው ንግግር ሲቆጠር፣ ጥቂት ቃላት እየተመላለሱ አብዛኛውን ቦታ ይይዛሉ፤ የቀሩት እልፍ ቃላት አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ ይላሉ። ይህን ሥርዓት በስፋት ያጠናው አሜሪካዊው ጆርጅ ኪንግስሊ ዚፍ እ.ኤ.አ. በ1935 እና በ1949 ባሳተማቸው መጻሕፍት እንዳሳየው፣ የአንድ ቃል ድግግሞሽ፣ ማለትም በንግግር ወይም በጽሑፍ የሚመጣበት ብዛት፣ ተራው ዝቅ ባለ ቁጥር በዚያው መጠን ስለሚቀንስ፣ ሁለተኛው ቃል የአንደኛውን ግማሽ፣ ዐሥረኛው ደግሞ የአንደኛውን አንድ ዐሥረኛ ያህል ይደጋገማል። በስፓኒሽ ቋንቋ ይህ ቆጠራ በሚገባ ተሠርቷል፤ ማርክ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተመው የድግግሞሽ መዝገበ ቃላት 20 ሚሊዮን ቃል ካለው የጽሑፍና የንግግር ክምችት 5,000 ቃላትን መርጦ በተራ ሲደረድር፣ እ.ኤ.አ. በ1713 የተመሠረተው የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው መዝገበ ቃላት ከ93,000 በላይ ቃላትን ይዟል። በአጭር ጊዜ ለመነጋገር የሚሻ ሰው ከየትኛው መጀመር እንዳለበት አያከራክርም፤ የሚያከራክረው አጠናኑ ነው።

የዝርዝሩን አናት የያዙት «ዴ»፣ «ላ»፣ «ኬ»፣ «ኤል»፣ «ኤን» የመሳሰሉት መስተዋድዶች፣ መስተፃምሮችና አመልካቾች ሲሆኑ፣ እነዚህ ሌሎችን ቃላት ከማያያዝ በቀር ለብቻቸው የሚናገሩት ነገር ስለሌለ፣ የመጀመሪያዎቹን አርባ ቃላት በቃሉ የያዘ ተማሪ ገና ውኃ እንኳ መጠየቅ አይችልም። ከእነርሱ የሚከተሉት «ሴር» (መሆን)፣ «ቴኔር» (መያዝ፣ ያለው መሆን)፣ «ኢር» (መሄድ) የመሳሰሉት ግሶች ደግሞ በእርባታቸው ከሁሉ ያፈነገጡ ናቸው። ምክንያቱም እምብዛም የማይነገር ግስ ተናጋሪው ልዩ ቅርጹን ስለሚዘነጋው ወደ መደበኛው እርባታ ሲሳብ፣ በየዕለቱ የሚነገረው ግን ጥንታዊ ጠባዩን እንደያዘ ይኖራል። «ሴር» በዝርዝሩ ላይ አንድ ቃል ቢሆንም ተማሪውን «ሶይ»፣ «ኤሬስ»፣ «ኤስ»፣ «ኤራ»፣ «ፉዊ» እያለ ይጠብቀዋል፤ ይባስ ብሎም «ፉዊ» የ«ኢር» ኃላፊ ጊዜ ሆኖም ያገለግላል። ከዚህ አንጻር «አንድ ሺህ ቃል ብቻ» የሚለው የቋንቋ ትምህርት ማስታወቂያ ሸክሙን አሳንሶ ያሳያል።

ፍጥነት የሚገኘው ቃላቱን በነጠላ ሳይሆን ሰው አዘውትሮ በሚናገራቸው ሐረጎች ውስጥ በመያዝ ነው። «ቦይ አ» (ልሄድ ነው፣ ላደርግ ነው)፣ «ቴንጎ ኬ» (አለብኝ)፣ «ክዬሮ» (እፈልጋለሁ)፣ «ፑዌዶ» (እችላለሁ) ከተባሉት ሐረጎች ቀጥሎ ግሱ በንዑስ አንቀጽ፣ ማለትም እንደ «መብላት» እና «መውጣት» ባለው ሳይረባ በሚቀር ቅርጽ ስለሚገባ፣ አራቱን ሐረጎችና አርባ ግሶችን የያዘ ተማሪ የእርባታውን ዳገት ሳይወጣ ከመቶ ሃምሳ በላይ ዐረፍተ ነገሮችን ማውጣት ይችላል።

አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ረገድ ያልጠበቀው ስንቅ አለው። «ቴኔር» ንብረትንም ግዴታንም እንደሚገልጽ ሁሉ፣ በአማርኛ «አለኝ» እና «አለብኝ» ከአንድ ግስ ይወጣሉ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን የሚያደናግረው «ሜ ጉስታ ኤል ካፌ» የተባለው አነጋገር ቡናውን ባለቤት፣ ሰውየውን ተሳቢ ስለሚያደርግ፣ «ደስ ይለኛል» ለሚል ሰው እንግዳ አይደለም። «ኡስቴድ» የሚባለው የአክብሮት ተውላጠ ስም ግሱን በሦስተኛ መደብ ሲያስረባ፣ «እርስዎ ይመጣሉ» እና «እሳቸው ይመጣሉ» ግሱን እንደሚጋሩ ያለ ነው። «ፔሮ» ሲላላ «ግን»፣ ሲጠብቅ «ውሻ» ይሆናል፤ የ«ኘ» ድምፅም በሁለቱም ቋንቋዎች አለ። ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ ቃላትም ያግዛሉ፤ «ፋብሪካ» በስፓኒሽም ያው ፋብሪካ ሲሆን፣ የስፌት መኪና «ማኪና ዴ ኮሴር» ይባላል።

ይሁን እንጂ ከሰሙት ውስጥ ብዙውን ቃል ማወቅ ንግግሩን መረዳት አይደለም፤ ያልታወቀችው አንዲት ቃል ብዙውን ጊዜ ወሬውን የተሸከመችው ናትና። የቃላት ትምህርት ሊቅ የሆኑት ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ እንግሊዝኛ ባቀረቡት ስሌት፣ ከሚነገረው 98 በመቶውን ለማወቅ ከ6,000 እስከ 7,000 የቃላት ቤተሰብ፣ ማለትም ዋና ቃል ከነርቢዎቹ፣ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ዲፕሎማቶች ማሠልጠኛም ስፓኒሽን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ከቀላሎቹ ቋንቋዎች መድቦ ሳለ፣ ለሥራ ለሚያበቃ ችሎታ በመቶዎች የሚቆጠር የክፍል ሰዓት ይጠይቃል።

ስለሆነም ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ቃላት በኋላ አጠቃላዩን ዝርዝር ትቶ የራስን ሥራና ሠፈር መከተል ይሻላል፤ ከአጠቃላይ ጽሑፍና ንግግር የተቆጠረ ዝርዝር ለወጥ ቤት ሠራተኛ ቢላዋንና ድስትን አያስቀድምለትምና። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ ኩባ የወጣቶች ደሴት የተላኩት በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ስፓኒሽን የለመዱት በትምህርት ቤትና በአዳሪ ኑሮ ውስጥ ስለሆነ፣ የትኛው ቃል እንደሚቀድም የወሰነላቸው ኑሮው ነበር። ቃሉም በየአገሩ ይለያያል፤ በኩባ «ፍሪሆሌስ» የሚባለው ባቄላ መሰል እህል በፖርቶ ሪኮ «አቢቹዌላስ»፣ በአርጀንቲና «ፖሮቶስ» ነው። ኢትዮጵያውያንና የኤል ሳልቫዶር ተወላጆች በብዛት በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ ደግሞ፣ መማሪያ መጻሕፍት «አንተ አለህ» ለማለት «ቱ ትዬኔስ» እያሉ ቢያስተምሩም፣ ሳልቫዶራዊው ባልደረባ የሚናገረው «ቦስ ቴኔስ» ስለሆነ፣ በዚያ ያለ ተማሪ «ቦስ»ን ከነእርባታው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ቢይዝ ይበጀዋል።