ድል ሲነገር፣ ማን ተመለሰ?



የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው በአንድ ተከታታይ ልብ ወለድ መዝጊያ ላይ ነው። አሜሪካዊቷ ደራሲ ሱዛን ኮሊንስ የ«ሀንገር ጌምስ»ን ሦስት ቅጾች እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 አሳተመች። ኋላ ላይ የቀደመውን ዘመን የሚተርኩ መጻሕፍት ብትጨምርም፣ የዋናዋ ገጸ ባሕርይ የካትኒስ ታሪክ የሚቋጨው በሦስተኛው ቅጽ፣ በ«ሞኪንግጄይ» ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ፓኔም በተባለች ምናባዊ አገር ነው። ገዢዋ ከተማ ካፒቶል ለቀድሞ ዐመፅ ቅጣት ብላ በየዓመቱ ከ12 ወረዳዎች 24 ልጆችን ትወስዳለች፤ አንድ እስኪቀር ድረስም ታጋድላቸዋለች። በመዝጊያው ቅጽ ዐመፀኞቹ ካፒቶልን ይጥላሉ።

ብዙዎቻችሁ በክፍል ውስጥ «ድሉ ለምን ደስታ የለውም?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። እኔም በመጀመሪያ ንባቤ ደራሲዋ መቋጫው እንደ ጠፋባት ቆጥሬ ነበር። ዛሬ ያንን ፍርዴን አንሥቻለሁ። ምክንያቴን ሁለት ትዕይንቶች ያስረዳሉ።

አንደኛው የፕሪም ሞት ነው። በፕሬዚዳንት ስኖው መኖሪያ ፊት ለፊት በተሰበሰቡ ሕፃናት መካከል ቦምብ የታሰረባቸው ትንንሽ ፓራሹቶች ይወርዳሉ። ከፊሎቹ ይፈነዳሉ፤ ሐኪሞች ለእርዳታ ሲሮጡ የቀሩት ይፈነዳሉ። ከሟቾቹ አንዷ የካትኒስ ታናሽ እኅት ናት። እንዲህ ያለውን ወጥመድ አስቀድሞ ካሰቡት አንዱ ደግሞ በዐመፀኞቹ ወገን የተሰለፈው የልብ ወዳጇ ጌል ነበር።

ሁለተኛው ድምፅ የተሰጠበት ስብሰባ ነው። የዐመፁ መሪ ኮይን በተራቸው የካፒቶል ልጆች እንዲጋደሉ ሐሳብ ታቀርባለች። ከቀደሙት ውድድሮች የተረፉ ሰባት ሰዎች ድምፅ ይሰጣሉ፤ ሐሳቡም 4 ለ 3 ያልፋል። ካትኒስ ራሷ ትደግፋለች። ስኖውን በቀስት እንድትገድል ስትቀርብ ግን የምትገድለው ኮይንን ነው። ድምፁን ከኀዘን የመነጨ በቀል አድርጎ ማንበብ ይቻላል። እኔ የኮይንን እምነት ለማግኘት የታሰበ አድርጌ አነበዋለሁ፤ ቀስቱ ያነጣጠረው ጨዋታውን ልታስቀጥል በተዘጋጀችው ሴት ላይ ነውና። ጠላት ወደቀ ማለት ጦርነት አበቃ ማለት አይደለም። ጦርነት የሚያበቃው አሸናፊው የተሸናፊውን ጭካኔ አልወርስም ሲል ነው።

እዚህ እንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓልም የጦርነት መታሰቢያ ነው፤ በዐድዋና በአምስቱ ዓመት ተጋድሎ የዋሉ አርበኞችንና ፈረሶቻቸውን ያስታውሳል። በዚያ ሜዳ ላይ ግን የማንም ልጅ የትናንቱን የደም ዕዳ አይከፍልም። መታሰቢያን ከበቀል የሚለየው ይህ ነው።

ከእኛ ሥነ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ የሚቀርበው የበዓሉ ግርማ የመጨረሻ ልብ ወለድ፣ «ኦሮማይ» (1975 ዓ.ም.) ነው። መነሻው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ስለ ሆነ ዲስቶፒያ አንለውም። ሆኖም ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም በአስመራ የዘመቻውን ፕሮፓጋንዳ ይመራል፤ ካትኒስም በዐመፀኞቹ ፕሮፓጋንዳ ላይ የምትታይ መልክ ናት። ሁለቱም የድል ቃል ሲያሰሙ ቆይተው የሚወዱትን ያጣሉ፤ እሱ ፊያሜታን፣ እሷ ፕሪምን። የ«ኦሮማይ» ፍቺ «አለቀ፣ አከተመ» ነው፤ ጦርነቱ ግን እስከ 1983 ዓ.ም. ቀጠለ። በዓሉም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም።

በ1983 ዓ.ም. የጦርነቱ ማብቃት በሬዲዮ ሲነገር ዳንግላ፣ በወላጆቼ ቤት ነበርኩ። ጎረቤቶቻችን ስለ አሸናፊውና ስለ ተሸናፊው ይከራከሩ ነበር። እናቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ማን ተመለሰ?» ታላቅ ወንድሜ አልተመለሰም። በ«ሞኪንግጄይ» መጨረሻ ካትኒስና ፒታ የሞቱባቸውን ሰዎች መልክና ትዝታ በአንድ መጽሐፍ ያሰባስባሉ። እናቴ መጻፍ አትችልም ነበር፤ ቡና ባፈላች ቁጥር ግን ስሙን ትጠራ ነበር።

ውድ ተማሪዎች፣ የመዝጊያ ቅጽ ስታነቡ ማን እንዳሸነፈ ካወቃችሁ በኋላ መጽሐፉን ለመክደን አትቸኩሉ። የእናቴን ጥያቄ ጠይቁት።